ያው ኪኒን፣ ሌላ ውጤት፦ አፍላ ወጣቶች ከኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር የሚቸገሩበት ቦታ

(ለጤና ባለሙያዎች፣ ለአቻ አማካሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ጤና ይስጥልኝ።

በአንድ የቁጥር ልዩነት ልጀምር። ቮይስ በሚባለው ጥናት በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ 5,029 ሴቶች ተሳትፈዋል። ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ሴቶች ናቸው። የጥናቱ ጥያቄ በየቀኑ የሚወሰድ የቴኖፎቪር ኪኒን ወይም ጄል በቫይረሱ እንዳይያዙ ይረዳቸዋል ወይ የሚል ነበር። ሲጠየቁ «እየወሰድን ነው» አሉ። የመለሱት ኪኒን ሲቆጠርም 90 ከመቶ ገደማ የተወሰደ መሰለ። ኋላ ደማቸው ላቦራቶሪ ገብቶ ሲመረመር ግን መድኃኒቱ የተገኘው ከናሙናዎቹ ከ30 ከመቶ በማይበልጡት ውስጥ ብቻ ነው። ያላገቡና ከ25 ዓመት በታች የሆኑት ደግሞ ከሌሎቹ ያነሰ የወሰዱ፣ ከሌሎቹም ይበልጥ በቫይረሱ የተያዙ ነበሩ። በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ይካሄድ የነበረው ፌም ፕሬፕም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት በ2011 ተቋረጠ።

በዚያው ዘመን በኬንያና በኡጋንዳ ፓርትነርስ ፕሬፕ የሚባል ሌላ ጥናት ነበር። እዚያ የተሳተፉት 4,747 ጥንዶች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ቫይረሱ አለበት፣ ሌላው የለበትም። ቫይረሱ የሌለበት ሰው ኪኒኑን በየቀኑ እንዲወስድ ተደረገ። ቴኖፎቪርና ኤምትሪሲታቢን በአንድ የያዘው ኪኒን በቫይረሱ የመያዝን ዕድል በ75 ከመቶ ቀነሰ። ደማቸው ሲመረመርም መድኃኒቱ ከናሙናዎቹ በ82 ከመቶው ውስጥ ተገኘ።

ኪኒኑ ያው ነው፤ አህጉሩም ያው ነው። እኔ የማየው ትልቁ ልዩነት አንደኛዋ ሴት ኪኒኑን ባሏ እያየ፣ ምናልባትም እሱ ራሱ እያስታወሳት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ መዋጧ ነው። ሌላዋ ግን «ይህ የበሽተኞች መድኃኒት አይደለም ወይ?» ከሚል ጓደኛ፣ ከሚል እናት፣ ከሚል አከራይ እየደበቀች ነበር። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በዚህ ላይ ያረፈ ነው። ከአፍላ ወጣቶች ጋር ስንሠራ መጀመሪያ የምንመረምረው ኪኒኑ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው መሆን አለበት። የልጁ ወይም የልጅቷ ባሕርይ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ስለ ልኬቱ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ነገር ያስተምራልና። ቴኖፎቪር ከተዋጠ በኋላ በደሙ ውኃ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚከማቸው ቅርጹ ግን በግማሽ ለመቀነስ 17 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከጣት ተወግታ ወረቀት ላይ የደረቀች የደም ጠብታ ያለፉትን ሳምንታት አማካይ ትናገራለች። ቀጠሮው ሲቃረብ ሦስት ቀን በተከታታይ የዋጠ ወጣት የደሙ ውኃ ምርመራ ጎበዝ ያስመስለዋል፤ የደረቀችው ጠብታ ግን ታጋልጠዋለች። ይህን ዓይነት ምርመራ በየጤና ጣቢያው አናገኘውም። ትምህርቱን ግን በነፃ መውሰድ እንችላለን፤ ሰዎቹ እውነቱን ያልነገሩን የምንጠይቅበት መንገድ አንድ መልስ ብቻ ስለሚያስተናግድ ነው።

«መድኃኒትሽን በደንብ እየወሰድሽ ነው አይደል?» ይህ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን አዝሎ የመጣ ነው። ልጅቷ «አዎ» ብላ ትወጣለች። እስቲ በዚህ መንገድ ሞክሩት፦

«ብዙ ሰው በሳምንት ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ያመልጠዋል። ባለፈው ሳምንት የትኛው ቀን አስቸገረሽ?»

«ቅዳሜና እሑድ፣ ሲስተር።»

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

«አክስቴ ጋ።»

«ኪኒኑስ?»

«ቤት። ብልቃጡ ቦርሳ ውስጥ ይንኳኳል።»

አሁን የምንሠራበት ነገር አገኘን። ችግሩ ስንፍናም እንቢተኝነትም አይደለም፤ የብልቃጥ ኮሽታ ነው። መፍትሔውም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃ ኪኒን ደረቅና ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ጥጥ ተደርጎበት ይያዝ። የወሩን ሁሉ ግን አታውጡት፤ ዋናው ብልቃጥ ውስጥ ያለችው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት መድኃኒቱን ከብልሽት የምትጠብቅ ናትና እዚያው ትቅር። የታተመውን ወረቀት ከብልቃጡ ላይ መላጥ የሚፈልጉም አሉ። ስሙና የሚያበቃበት ቀን ሌላ ቦታ ከተጻፈላቸው አትቆጧቸው።

ሰዓት ላይም ያለልክ ጥብቅ የሆንን ይመስለኛል። «በ2 ሰዓት፣ ያለዚያ ዋጋ የለውም» የተባለ ልጅ 4 ሰዓት ላይ ሲያስታውስ «አለፈኝ» ብሎ ይተወዋል። ያመለጠ ኪኒን በታወሰ ጊዜ ይዋጣል። የሚቀጥለው ሰዓት በጣም ከተቃረበ ብቻ ይዘለላል፤ ሁለት በአንዴ አይዋጥም። ሰዓት ከማስታወስ ይልቅ በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ማያያዝ፣ ለምሳሌ ከጥርስ ማጽዳት ጋር፣ ይሻላል። አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ለኤች አይ ቪ ሕክምና የሚሰጠውን ዶሉቴግራቪር የሚወስዱ ልጃገረዶች ለደም ማነስ የብረት ኪኒን ሲታዘዝላቸው፣ ወይም ለጨጓራ የሚሆን የአሲድ ማርከሻ ከመደብር ሲገዙ፣ መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም። ዶሉቴግራቪሩ ከእነዚህ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። ብረትና ካልሲየም ከምግብ ጋር ከሆነ አብረው ሊዋጡ ይችላሉ፤ ማርከሻው ግን አይችልም። ለቲቢ ሪፋምፒሲን የጀመረ ወጣት ደግሞ ዶሉቴግራቪሩ 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ይሆንለታል። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ የቫይረሱ መጠን ሲጨምር «አድኸረንሱ (የመድኃኒት አወሳሰዱ) ደካማ ነው» ብሎ መጻፍ ልጁን በእኛ ስህተት መክሰስ ነው።

በልጅነታቸው የጀመሩት ላይ የሚደርስ ሌላ ስህተትም አለ፤ ልጁ ያድጋል፣ መጠኑ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ሚዛን በየቀጠሮው ያስፈልጋል። 50 ሚሊ ግራም የዶሉቴግራቪር ኪኒን ከ20 ኪሎ ጀምሮ፣ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪርን በአንድ የያዘው ደግሞ ከ30 ኪሎ ጀምሮ ይሰጣል። ዶሉቴግራቪር ለልጆች እንደሚበጅ ያረጋገጠው ኦዲሲ የተባለው ጥናት ነው። ጥናቱ 707 ልጆችንና ወጣቶችን ለሁለት መድቦ ተከታትሏል፤ በ96 ሳምንት ውስጥ ሕክምናው ያልሠራላቸው ዶሉቴግራቪር ከወሰዱት 14 ከመቶ፣ የቀድሞዎቹን መድኃኒቶች ከወሰዱት 22 ከመቶ ነበሩ።

ወደ ቫይረስ መጠን ምርመራ ልለፍ። መድኃኒት ከተጀመረ በ6ኛው ወር፣ በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደረጋል። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1,000 ኮፒ በላይ ከሆነ ተጨማሪ የምክር ድጋፍ ተሰጥቶ በ3 ወር ይደገማል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር የሚበላሸው ግን መሀል ላይ ነው፤ ውጤቱ ይዘገያል፣ ሲመጣም ካርድ ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጣል፣ ልጅቷ መጥታ መድኃኒት ወስዳ ስትሄድ ማንም አይነግራትም። ከፍ ያለ ውጤት የመጣ ዕለት የሚደውል ሰው በስም ካልተመደበ ሦስቱ ወር ዘጠኝ ይሆናል።

ዝቅተኛ ውጤትም መነገር አለበት፤ እንዲያውም በደስታ። ኤች ፒ ቲ ኤን 052 የተባለው ጥናት በ9 አገሮች 1,763 ጥንዶችን ተከታትሎ በ2011 ባወጣው ውጤት፣ ሕክምና ቶሎ መጀመር ቫይረሱ ወደ ፍቅር ጓደኛ የመተላለፍ ዕድልን በ96 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ፓርትነር የተባለው ጥናት ደግሞ የቫይረሱ መጠን በመድኃኒት የተገታላቸው ሰዎች ጥንዶችን ተከተለ። ከ58,000 ጊዜ በላይ ያለ ኮንዶም የተደረገ ግንኙነት ተመዝግቦ፣ ከመድኃኒት ተጠቃሚው ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም አልተገኘም። ወንድ ጥንዶችን የተከታተለው ሁለተኛው ዙርም፣ 76,000 ያህል ጊዜ ተመዝግቦ፣ ውጤቱ ዜሮ ነው። በምርመራ የማይታይ ቫይረስ በግንኙነት አይተላለፍም።

ለ17 ዓመት ልጅ ይህ ዜና ምን እንደሆነ እናስብ። «አፈቅራለሁ ወይ? አገባለሁ ወይ? ልጅ እወልዳለሁ ወይ?» እያለ በልቡ ለሚያድር ልጅ መልሱ አዎ ነው፣ ይችላል። ይህን ደብቀን ለማስፈራራት መሞከር ስህተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው። ልኩንም አብረን እንንገር፦ መጠኑ በምርመራ የተረጋገጠ፣ መድኃኒቱም ያልተቋረጠ መሆን አለበት፤ እርግዝናን፣ ጨብጥን፣ ቂጥኝን አይከላከልም፤ በጡት ማጥባት ጊዜ አደጋው በጣም ይቀንሳል እንጂ ዜሮ ነው ብሎ መናገር አይቻልም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ለሐኪም ከሆነ እውነት ነው። ይህን ተረት ግን ልጆችን «ለሁሉም ንገሩ» ለማለት ሲጠቀሙበት እሰማለሁ፤ እዚህ ላይ አልስማማም። ለማን፣ መቼ እንደሚነገር የመወሰን መብት የባለቤቱ ነው። ሳይዘጋጅ የተነገረ ምስጢር ልጅቷን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣት፣ ሊያስደበድባትም ይችላል።

ለልጁ ለራሱ አለመንገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ ልጆች ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ስለ ራሳቸው ማወቅ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው መመሪያ ይመክራል። መንገሩ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ለ5 ዓመት ልጅ «ደምህ ውስጥ የተኛ ጀርም አለ፤ ይህ ኪኒን እንዳይነቃ ያደርገዋል» ማለት ይበቃል። ከዚያ ጀርሙ ምን እንደሚያደርግ፣ ኪኒኑ ለምን በየቀኑ እንደሚዋጥ ይታከላል። የቀረው ስሙ ብቻ ሲሆን፣ ልጁ ራሱ «ስሙ ማነው?» ማለት ሲጀምር፣ ወላጅ ባለበት ስሙ ይነገራል። ወላጆች በብዛት የሚፈሩት «ከማን ነው የያዘኝ?» የሚለውን ነው። እናትየዋ ከባለሙያው ጋር ሆና መልሷን አስቀድማ ጮክ ብላ ብትለማመደው፣ ያ ቀን ሲደርስ ድምፅዋ አይከዳትም።

ሁሉን የሚያበላሸው ውሸት ነው። «የአስም መድኃኒት ነው» ተብሎ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ በትምህርት ሰዓት፣ ወይም የብልቃጡን ጽሑፍ ስልኩ ላይ ፈልጎ፣ እውነቱን ያገኘዋል። ያኔ የሚጠፋው ኪኒኑ ላይ ያለው እምነት ብቻ ሳይሆን እናቱ ላይ ያለውም ነው። ድንገት መድኃኒት የሚያቆሙ የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች ሲገጥሟችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፤ ምን ሰማ? ከማን ሰማ?

ከዚያ በኋላ ከባለሙያ ይልቅ አቻ ይሰማል። ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ የሰጠን የዚምባብዌው ዝቫንዲሪ ነው፤ ቃሉ በሾና ቋንቋ «እንዳለሁ» እንደማለት ነው። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ከ18 እስከ 24 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ሠልጥነው ታናናሾቻቸውን ቤት ድረስ ይጎበኛሉ፣ መልእክት ይልኩላቸዋል፣ በየወሩ በቡድን ይገናኛሉ፤ ችግር ሲያዩ ለነርሷ ያሳውቃሉ። በ16 ጤና ተቋማት ከ13 እስከ 19 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ በዕጣ ተመድቦ ሲፈተን፣ በ96 ሳምንት ቫይረሱ ያልተገታላቸው ወይም የሞቱት በዝቫንዲሪ ከታቀፉት 25 ከመቶ፣ በመደበኛው ክትትል ከቆዩት 36 ከመቶ ሆኑ። ይህን ልትጀምሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አቻ አማካሪው ይከፈለው፤ የሚያማክረው ሰውም ይኑረው። የ20 ዓመት ወጣት የሌሎችን ሐዘን ለሁለት ዓመት ብቻውን ተሸክሞ መጨረሻ ላይ የራሱን መድኃኒት ማቆሙ የማይታሰብ ነገር አይደለም።

አሁን ቫይረሱ ወደሌለባቸው ልምጣ። ፈጣኑ የጣት ደም ምርመራ ሰውነት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሚፈልግ ከተጋለጡ በኋላ እስከ 90 ቀን ላያሳይ ይችላል። ትናንት ተጋልጣ ዛሬ ተመርምራ «ነፃ ነሽ» የተባለች ልጅ የተሰጣት መልስ ከሦስት ወር በፊት ላለው ነው። ስለዚህ ከምርመራው በፊት «ባለፉት 72 ሰዓታት የሆነ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ካለ ድህረ ተጋላጭነት መከላከያው፣ ፔፕ የምንለው፣ ወዲያው ይጀመራል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። 72 ሰዓት የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ ቀጠሮ ማስያዣ አይደለም፤ በየሰዓቱ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ተገዳ የተደፈረች ልጅ ስትመጣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ባለሙያ፣ ፔፕ፣ የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፣ የአባላዘር በሽታ ሕክምናና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይሰጣት። የሌቮኖርጀስትሬል ኪኒን 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በቶሎ ሲዋጥ ይሻላል፤ እስከ 5 ቀን ሊሰጥም ይችላል። ታሪኳን በየመስኮቱ አታስደግሟት። አንዴ የሰማ ሰው ጽፎ ይዞላት ይሂድ።

አደጋው የሚደጋገም ከሆነ ቅድመ ተጋላጭነት መከላከያው፣ ፕሬፕ የምንለው፣ አለ። ዕለታዊው ኪኒን ለሴት ልጅ ሙሉ መከላከያ የሚሆነው ከ7 ቀን ተከታታይ መውሰድ በኋላ ነው። ይህ ሳይነገራት በሦስተኛው ቀን «ተጠብቄያለሁ» ብላ የምታስብ ብዙ ናት። ዳፒቪሪን የተባለውን መድኃኒት የያዘው ቀለበት በራሷ እጅ ብልቷ ውስጥ ገብቶ ወር ይቆያል። በሁለት ትልልቅ ጥናቶች የመያዝን ዕድል በ30 ከመቶ ገደማ ቀንሷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ተጨማሪ አማራጭ አድርጎ መክሮታል። ቁጥሩን ያየ ሰው «ኪኒን እያለ ማን ቀለበት ይመርጣል?» ይላል። በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ከ16 እስከ 21 ዓመት የሆኑ 247 ልጃገረዶች የተሳተፉበት ሪች የተባለ ጥናት መለሰለት። ሁለቱንም ለስድስት ስድስት ወር ሞክረው ምረጡ ሲባሉ፣ ከሦስት ሁለቱ ያህል ቀለበቱን፣ የቀሩት ከሞላ ጎደል ኪኒኑን መረጡ። ቀለበት አይንኳኳም።

መርፌዎቹ ነገሩን ወደ ሌላ ደረጃ ወስደውታል። ካቦቴግራቪር 600 ሚሊ ግራም መቀመጫ ላይ ይወጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ4 ሳምንት ልዩነት፣ ከዚያ በየ8 ሳምንቱ ይሰጣሉ። በ7 የአፍሪካ አገሮች 3,224 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት በቫይረሱ የመያዝን ዕድል ከዕለታዊው ኪኒን ጋር ሲነጻጸር በ89 ከመቶ ቀነሰ። ጥንቃቄው ሲቆም ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እያነሰ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ወቅት የምትጋለጥ ልጅ ወደ ኪኒን ካልተሸጋገረች ብትያዝ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል።

ሌናካፓቪር ደግሞ በስድስት ወር አንዴ ነው። ፐርፐዝ 1 የተባለው ጥናት በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ከ5,300 በላይ ሴቶችን አሳትፎ በ2024 ውጤቱ ይፋ ሆነ። ሌናካፓቪር ከተወጉት 2,134 ሴቶች በቫይረሱ የተያዘች አንድም አልነበረችም። በ2025 የዓለም ጤና ድርጅት መከረው። አሰጣጡ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ሁለት መርፌ ነው፣ እያንዳንዱ 1.5 ሚሊ ሊትር፤ በአጠቃላይ 927 ሚሊ ግራም። በዚያው ዕለት 2 ኪኒን፣ በማግስቱም 2 ኪኒን ይዋጣል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ መጠንቀቅ፤ መርፌው ቀስ ብሎ ስለሚለቅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚሸፍኑት እነዚህ ኪኒኖች ናቸው። የማግስቱን ሁለቱን በእጇ ይዛ የምትሄድ ልጅ ቤቷ የት እንደምታስቀምጣቸው፣ በስንት ሰዓት እንደምትውጣቸው ሳትነግረን አትውጣ። የተወጋበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ወራት ሊቆይ እንደሚችልም ቀድሞ ይነገራት፤ ካልተነገራት ዕጢ መስሏት ትሸበራለች፣ ለጓደኞቿም ትናገራለች፣ ሁለተኛው ዙር ባዶ ይሆናል።

ኮንዶም የሁሉም ሰው የዕለት መሣሪያ ስለሆነ በቃል ብቻ አታስተምሩት፤ በሞዴል ላይ ልጆቹ በእጃቸው ይሞክሩት። የሚያበቃበት ቀን ይታያል፤ እሽጉ ሲጫን አየር እንዳለው ይፈተሻል፤ ከጫፉ በእጅ እንጂ በጥርስ አይቀደድም። ጫፉ ተጨምቆ አየሩ ይወጣል፣ እስከ ሥሩ ይጠቀለላል። የማይጠቀለል ከሆነ ተገልብጧል ማለት ነው። ብዙዎች እዚህ ጋ ገልብጠው እንደገና ያጠልቁታል። ይጣል፣ አዲስ ይከፈት፤ የመጀመሪያው ፈሳሽ ነክቶታልና። ቫዝሊንና ዘይት ላቴክሱን ያሳሱታል፤ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ብቻ። ሲወጣ ሥሩ ተይዞ ይውጣ።

በጥናቱ ዓለም ያለ አንድ እውነተኛ ቅሬታም ላንሣ። መድኃኒት በመጀመሪያ በአዋቂዎች ላይ ይፈተናል፤ ለ16 ዓመት ልጅ የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉት በጥናት ይካተቱ ሲባልም የወላጅ ፊርማ ይጠየቃል። ወላጁን የሚፈራ፣ ወላጅ የሌለው፣ ወይም ጥቃቱ ከቤት የሚመጣበት ልጅ ያኔውኑ ይወጣል። ቁጥራችን ውስጥ የሚገቡት እናታቸው የምትፈርምላቸው ናቸው፤ አደጋው የከፋባቸው ውጭ ይቀራሉ። ፐርፐዝ 1 የ16 እና የ17 ዓመት ልጆችን ከመጀመሪያው ማካተቱ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ አደጋው አነስተኛ በሆነ ጥናት የወላጅ ፈቃድ በልጁ ስምምነትና በገለልተኛ ጠበቃ የሚተካበትን ሁኔታ ሕጉ በፈቀደው መጠን አጥኑት።

ከተሰብሳቢዎቹ ጥያቄዎች መካከል አንዷ ነርስ ያነሣችው ይህ ነበር፦ «የ16 ዓመት ልጅ መጥታ ፕሬፕ ጠየቀችኝ፤ እናቷ እንዳትሰማ ለመነችኝ። ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ የአገሩ ሕግ ምን እንደሚል ማወቅ አለብሽ፤ ልጅቷ ፊት ቆመሽ ሳይሆን ከዛሬው ተጽፎ ጠረጴዛሽ መሳቢያ ውስጥ ይሁን። ሕጉ ከፈቀደ አስተናግጃት። የስልክ ቁጥር ስትቀበዪ «ይህን ስልክ ሌላ ማን ያነሣዋል?» በያት። የማስታወሻ መልእክቱ የክፍሉን ስምም የመድኃኒቱን ስምም አይያዝ። ቀጠሮዋ ከትምህርት ሰዓት ጋር አይጋጭ፤ ፈቃድ መጠየቅ ራሱ ምስጢር ያወጣልና። ከዚያ ማንም አስገድዷት እንደሆነ ትጠይቂያታለሽ። ይህን ከመጠየቅሽ በፊት ግን አንድ ነገር ንገሪያት፦ «የምትነግሪኝ ሁሉ እኛ ዘንድ ይቀራል። ሕይወትሽን የሚያሰጋ ነገር፣ ወይም አንድ ትልቅ ሰው እየጎዳሽ መሆኑን ከነገርሽኝ ግን ለሚረዳሽ ሰው መንገር ሊኖርብኝ ይችላል፤ ለማን እንደምነግርም አስቀድሜ አሳውቅሻለሁ።» ልጅቷ ይህን ሰምታ ዝም ልትል ትችላለች፤ ፕሬፑን ስጫትና የሚቀጥለውን ቀጠሮ አቅርቢው።